የናይሮቢ ሁለት ሰልፎች፦ አምባገነንነት፣ ሙስናና የዜጎች ፖለቲካዊ ተሳትፎ

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ዜጎች በፖለቲካ የሚሳተፉባቸው ሁለት ሰልፎች አሉ፤ አንዱ በምርጫ ጣቢያ በር የሚቆሙበት፣ ሌላው ወደ አደባባይ የሚወጡበት። ባለፉት መቶ ዓመታት ሁለቱ ሰልፎች እኩል የታመኑበት ጊዜ ጥቂት ነው። በየዘመኑ አንዱን አሳንሰው ሌላውን ያበዙት ደግሞ ሁለት ኃይሎች ናቸው፤ መናገርን አደገኛ ያደረገው አምባገነን አገዛዝና መምረጥን ከንቱ ያስመሰለው ሙስና። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ቢሄዱም በዜጋው ላይ የሚተዉት ጠባሳ አንድ ዓይነት አይደለም። ፍርሃት ከትውልድ ጋር ሊያልፍ ይችላል። ድምፅ ዋጋ የለውም የሚለው እምነት ግን ሙስናው እስካለ ድረስ በየምርጫው ይታደሳል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የኪፓንዴ ከተማ

ናይሮቢ በ1899 የተቆረቆረችው ከሞምባሳ ተነስቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲዘረጋ ለነበረው የባቡር ሐዲድ የዕቃ ማከማቻና የሠራተኞች ሰፈር ሆና ነው። ስሟ ማሳዮች አካባቢውን «ቀዝቃዛ ውሃ» ብለው ከጠሩበት ቃል የመጣ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የብሪታንያ ግዛት መቀመጫ ሆነች። አፍሪካውያን በከተማዋ የሚቆዩት ግን ለጉልበት ሥራ እስከተፈለጉ ድረስ ነበር፤ የነዋሪነት መብት አልነበራቸውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ «ኪፓንዴ» የተባለ የመታወቂያ ወረቀት እንዲይዝ ተገደደ። የጣት አሻራ፣ የአሠሪ ስምና የደመወዝ ልክ የሰፈረበት ይህ ወረቀት በትንሽ የብረት መያዣ ተከትቶ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። አሠሪው ካልፈረመለት ሠራተኛው ሥራ ለቅቆ መሄድ አይችልም፤ ያለ ወረቀቱ የተገኘም ይታሰራል።

የከተማዋ የመጀመሪያ ታላቅ ሰልፍ የተካሄደው በዚህ ወረቀት የተነሳ ነው። በመንግሥት ግምጃ ቤት የስልክ ኦፕሬተር የነበሩት ሃሪ ቱኩ በ1921 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበርን መሠረቱ፤ ኪፓንዴን፣ የጎጆ ግብርንና የደመወዝ ቅነሳን እየተቃወሙ ሠራተኞችን አስተባበሩ። ማርች 14 ቀን 1922 ሲታሰሩ ሠራተኞች ሥራ አቁመው በፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ተሰበሰቡ። ማርች 16 ቀን ሽማግሌዎች ከባለሥልጣናቱ ጋር ተነጋግረው ሕዝቡ ወደ ቤቱ እንዲመለስ መምከር ሲጀምሩ ሜሪ ሙቶኒ ንያንጂሩ የተባለች ሴት ከመሃል ወጣች። ቀሚሷን ገልባ ወንዶቹን፣ ሱሪያችሁን አውልቁና ቀሚሳችንን ልበሱ በሚል ትርጉም አሳፈረቻቸው። በኪኩዩ ብሔረሰብ ዘንድ እናት የምትሆን ሴት ገላዋን እንዲህ ስትገልጥ ከእርግማን ይቆጠራል። ሕዝቡ ወደ በሩ ሲገፋ ፖሊስ ተኮሰ፤ በአቅራቢያው ኖርፎክ ሆቴል በረንዳ ላይ የነበሩ ነጭ ሰፋሪዎችም አብረው ተኮሱ። መንግሥት የሟቾቹ ቁጥር 21 ነው ሲል፣ ሌሎች ከዚያ በእጅጉ እንደሚበልጥ ተናገሩ። ንያንጂሩም ከሟቾቹ አንዷ ነበረች።

ከሰላሳ ዓመት በኋላ በቅኝ አገዛዙ ላይ በተነሳው በማው ማው አመፅ ሳቢያ ኦክቶበር 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኤፕሪል 24 ቀን 1954 ጎህ ሳይቀድ የብሪታንያ ጦርና ፖሊስ ናይሮቢን ዙሪያዋን ከበቡ። «አንቪል» በተባለው በዚህ ዘመቻ ኪኩዩዎች፣ ኤምቡዎችና ሜሩዎች ከየቤታቸውና ከየሥራ ቦታቸው እየተለቀሙ ለማጣራት ተሰለፉ። በሰልፉ ፊት «ጋኩኒያ» የሚባሉ ጠቋሚዎች ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው በጆንያ የተሸፈነ፣ ለዓይን ብቻ ቀዳዳ የተተወላቸው ሰዎች ናቸው። ተሰላፊው ከፊታቸው ሲደርስ አንድ የራስ ንቅናቄ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ማጎሪያ ካምፕ ይልከዋል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲህ ተግዘዋል። ጎረቤት ጎረቤቱን በጭምብል ሥር ሆኖ ማሳበቁ ከዘመቻው በኋላም የሚቆይ ጥርጣሬ ዘራ።

ከአንቪል ሌላ አንድ ያን ያህል ያልተወራለት ውሳኔ አለ። በ1955 ቅኝ ገዥው መንግሥት አፍሪካውያን እንደገና እንዲደራጁ ሲፈቅድ፣ ማኅበሮቹ ከአንድ አውራጃ እንዳይሻገሩ አጠረ። አገር አቀፍ ፓርቲ የተፈቀደው በ1960 ነው። የአውራጃዎቹ ወሰን በአብዛኛው የብሔረሰብ ወሰን ስለነበር ፖለቲካ የተጀመረው ከየብሔረሰቡ በረት ውስጥ ሆነ። በ1957 አፍሪካውያን ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባላትን ሲመርጡም መምረጥ የሚችለው በትምህርት፣ በገቢ ወይም በአገልግሎት መመዘኛ ያለፈ ሰው ብቻ ነበር። ኪኩዩ ከሆነ በተጨማሪ የታማኝነት ማረጋገጫ ይጠየቃል። የናይሮቢን ወንበር ያሸነፉት የሠራተኛ ማኅበራት መሪው ቶም ምቦያ ነበሩ።

የነጻነት ተስፋና የመጀመሪያው ዝምታ

ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ኬንያ ነጻ ወጣች፤ ጆሞ ኬንያታ መሪ ሆኑ። አዲሱ መንግሥት ግን ከቅኝ ግዛት የወረሳቸውን የቁጥጥር ሕጎች አልጣላቸውም። ሕዝባዊ ስብሰባ ለማድረግ ከአስተዳዳሪው ፈቃድ ማውጣት ግዴታ እንደሆነ ቀጠለ። የመንደር ሹሞች፣ ማለትም ቺፎች፣ ሰፊ ሥልጣናቸውን ይዘው ቆዩ። ያለ ፍርድ ማሰር የሚያስችል ሕግም በ1966 ተመለሰ። በዚያው ዓመት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ኦጊንጋ ኦዲንጋ ከገዢው ፓርቲ ከካኑ ወጥተው የኬንያ ሕዝቦች ኅብረትን መሠረቱ፤ ፓርቲው በ1969 ታገደ፤ መሪዎቹም ታሰሩ።

በእነዚህ ዓመታት መናገር የሚያስከፍለው ዋጋ በናይሮቢ ጎዳናዎች ላይ ታየ። የግራ ክንፍ ፖለቲከኛው ፒዮ ጋማ ፒንቶ በፌብሩዋሪ 1965 በመኖሪያ ቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ቶም ምቦያ ጁላይ 5 ቀን 1969 በከተማዋ መሃል ከመድኃኒት ቤት ሲወጡ ተመቱ። በማርች 1975 ከናይሮቢ የጠፉት የምክር ቤት አባል ጄ. ኤም. ካሪዩኪ ሬሳቸው በንጎንግ ኮረብታ ተገኘ። ካሪዩኪ አገሪቱ የአሥር ሚሊየነሮችና የአሥር ሚሊዮን ለማኞች አገር እንዳትሆን በተደጋጋሚ ያስጠነቀቁ ሰው ነበሩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሁለት የምክር ቤት አባላት፣ ማርቲን ሺኩኩና ዣን ማሪ ሴሮኔይ፣ ምክር ቤቱን ለመግደል የሚፈልጉ አሉ በሚል በተነሳ ክርክር ሰበብ ከዚያው ከምክር ቤቱ ቅጥር ግቢ ተወስደው ታሰሩ።

ሙስናም በዚሁ ዘመን መደላድል አገኘ። በ1971 የንዴግዋ ኮሚሽን የተባለው የመንግሥት ሠራተኞች ጉዳይ አጣሪ አካል ባለሥልጣናት ሥራቸውን ሳይለቁ በግል ንግድ መሠማራት እንዲችሉ አቋም ያዘ። ፈቃድ ሰጪው ራሱ ነጋዴ ሆነ። «ሃራምቤ»፣ ማለትም ሕዝቡ አዋጥቶ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሚሠራበት የመረዳዳት ልማድ፣ ቀስ በቀስ ባሕርዩን ለወጠ። መዋጮው በታዳሚ ፊት እየተጠራ ስለሚሰጥ ፖለቲከኛ ከየት እንዳመጣው የማይጠየቅ ገንዘብ ይዞ የሚመጣበት መድረክ ሆነ። መራጩም ተወካዩን ስላወጣው ሕግ መጠየቁን ትቶ በሰጠው መዋጮ ይመዝነው ጀመር።

ከፎቶግራፍ ኋላ መሰለፍ

ኬንያታ በኦገስት 1978 ሲሞቱ ዳንኤል አራፕ ሞይ ተተኩ። «ንያዮ»፣ በስዋሂሊ «ፈለግ»፣ መፈክራቸው ሆነ፤ የኬንያታን ፈለግ እከተላለሁ ማለታቸው ነበር። በጁን 1982 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ኬንያ በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች። ኦገስት 1 ቀን የአየር ኃይል አባላት የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ አፈናው ጠበቀ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ታሰሩ፤ የፕሬዚዳንቱ ፎቶ በየሱቁና በየቢሮው ተሰቀለ፤ የሬዲዮ ዜና ሁሉ በእሳቸው ውሎ ጀመረ። በ1984 ሞይ ሚኒስትሮቻቸው እንደ በቀቀን የእሳቸውን ዜማ እንዲደግሙ በአደባባይ ጠየቁ።

የናይሮቢ ነዋሪዎች በዚህ ዘመን የከተማ ምክር ቤታቸውንም አጡ። በ1983 መንግሥት ምክር ቤቱን በብልሹ አሠራር ወንጅሎ አገደውና በተሿሚ ኮሚሽን ተካው። ኮሚሽኑ እስከ 1992 ስለቆየ ነዋሪዎቹ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል የሚመርጡት የከተማ አስተዳዳሪ አልነበራቸውም። ሙስና እዚህ ላይ ሌላ አገልግሎት ሰጠ፤ የተመረጠን አካል ለማፍረስ ሰበብ ሆነ።

በኡሁሩ አውራ ጎዳናና በኬንያታ ጎዳና መገናኛ ላይ የቆመው ንያዮ ሐውስ የመንግሥትን ሁለት ገጽታዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አኖረ። ከምድር በላይ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነበር፤ ዜጎች ፓስፖርት ለማውጣት ይሰለፉበታል። ከምድር በታች ባሉት ጨለማ ክፍሎች ደግሞ በ1986 እና በ1987 «ምዋኬንያ» በተባለው ኅቡዕ ንቅናቄ የተጠረጠሩ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ጋዜጠኞችና ገበሬዎች ይሰቃዩ ነበር። ወለሉ በውሃ ተሞልቶ እስረኛው ለቀናት በውሃ ውስጥ እንዲቆም ይደረጋል። ከዚያ ወደ ማምሻው ላይ ያለ ጠበቃ ፍርድ ቤት ይቀርብና ጥፋቱን አምኖ ይፈረድበታል።

የዘመኑን የምርጫ ባሕርይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ግን የ1988ቱ «ምሎሎንጎ» ነው፤ ቃሉ በስዋሂሊ «ሰልፍ» ማለት ነው። በካኑ የዕጩዎች ምርጫ የምስጢር ድምፅ ቀረ። መራጮች በማለዳ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ዕጩዎቹ ወይም ወኪሎቻቸው ፎቶግራፍ ከፍ አድርገው ይይዛሉ፤ መራጩ ከሚመርጠው ሰው ፎቶ ኋላ ይሰለፋል፤ አስመራጩም ራስ እየቆጠረ ያልፋል። ከ70 በመቶ በላይ ያገኘ ዕጩ ያለ ተወዳዳሪ ምክር ቤት ይገባል። ቺፉ፣ አሠሪውና የቤት አከራዩ ማን ከማን ኋላ እንደቆመ ቆመው ያያሉ። እንዲያም ሆኖ በብዙ ቦታዎች አጭሩ ሰልፍ አሸናፊ ተብሎ ታወጀ። ሰልፉ ከተበተነ በኋላ ዳግም የሚቆጠር ወረቀት ስለሌለ አቤት ባዩ የሚያቀርበው ማስረጃ አልነበረውም። በናይሮቢ የስታሬሄ ተወካይ የነበሩት፣ የከተማዋ የመጀመሪያ አፍሪካዊ ከንቲባ ቻርልስ ሩቢያ ወንበራቸውን ያጡት በዚህ ምርጫ ነው። ሚኒስትር የነበሩት ኬኔት ማቲባም በዚያው ዓመት መጨረሻ ማጭበርበሩን ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ወደ አደባባይ መውጣት

የምርጫው ሰልፍ ሲረክስ ሌላው ሰልፍ ተነሳ፤ መነሻው ከፓርቲ ይልቅ መናፈሻ፣ ቤተ ክርስቲያንና ማታቱ የተባለው ታክሲ ነበር። በ1989 ካኑ በከተማዋ ዋና መናፈሻ በኡሁሩ ፓርክ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃና የሞይ ሐውልት ለማቆም ሲነሳ የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ መሪ ዋንጋሪ ማታይ ደብዳቤ እየጻፉ ተሟገቱ። የምክር ቤት አባላት ቢሳለቁባቸውም የውጭ አበዳሪዎች ስላፈገፈጉ ዕቅዱ ቀረ። በ1991 በጂቫንጂ መናፈሻ ላይ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ለመሥራት የወጣው ዕቅድም በነዋሪዎች ተቃውሞ ከሸፈ። ትግሉ ስለ ዛፍ ብቻ አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት የጨዋታ ሜዳዎች፣ የገበያ ቦታዎች፣ የሕዝብ መጸዳጃዎች ሳይቀሩ ለባለጊዜዎች ይታደሉ እንደነበር በ2004 የወጣው የንዱንጉ ኮሚሽን ሪፖርት ዘርዝሮታል። ሙስና የከተማውን መሬት ሲበላ ዜጎች የሚሰበሰቡበትን ሜዳ አብሮ ይበላ ነበር። በጂቫንጂ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሥራ አጦችና ሱቅ በደረቴዎች «ቡንጌ ላ ምዋናንቺ»፣ ማለትም የተራው ሰው ምክር ቤት፣ እያሉ በየቀኑ የአገር ጉዳይ መከራከር መጀመራቸውም ከዚህ ተነጥሎ አይታይም።

በሜይ 1990 የሙኦሮቶ ደሳሳ ሰፈር በግሬደር ሲፈርስ ነዋሪዎቹ ከአፍራሾቹ ጋር ተጋጩ። ስለ ሙኦሮቶና ስለ ማቲባ የሚያወሩ ካሴቶች በማታቱዎች ውስጥ ሲደመጡ መንግሥት ሻጮቹን አሰረ። ማቲባና ሩቢያ ብዙ ፓርቲ እንዲፈቀድ ጠይቀው ለጁላይ 7 በካሙኩንጂ ሜዳ ስብሰባ ጠሩ፤ ቀኑ ሳይደርስ ግን ያለ ክስ ታሰሩ። ሕዝቡ መሪዎቹ በሌሉበት ወጣ። ማታቱዎች ጥሩምባ እየነፉ አለፉ፤ ተሳፋሪዎች ከካኑ አንድ ጣት ሰላምታ በተቃራኒ ሁለት ጣት አወጡ። ግጭቱ ለቀናት ቀጥሎ በመንግሥት ቆጠራ እንኳ 20 ያህል ሰው ሞተ። ሰባተኛው ወር ሰባተኛው ቀን በስዋሂሊ «ሳባ ሳባ» ይባላልና ስሙ እስከ ዛሬ የተቃውሞ ስም ሆኖ ቀረ። የውጭ ለጋሾች በኖቬምበር 1991 ዕርዳታ ሲያቆሙ፣ ካኑ በዲሴምበር የአንድ ፓርቲ አንቀጹን ሻረ።

እስረኞቹ ግን አልተፈቱም ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች በኡሁሩ ፓርክ ጥግ ተቀምጠው ልጆቻችን ይፈቱ ብለው የረሃብ አድማ ጀመሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ደረሰባቸው፤ ማታይም ራሳቸውን እስኪስቱ ተደበደቡ። ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ልብሳቸውን አውልቀው በፖሊሶቹ ፊት ቆሙ፤ ወጣቶቹ ፖሊሶችም ፊታቸውን አዞሩ። ንያንጂሩ ከወደቀችበት ፖሊስ ጣቢያ ይህ ቦታ በእግር ብዙም አያስኬድም፤ በሁለቱ ቀናት መካከል ግን 70 ዓመት አለ። እናቶቹ በአቅራቢያው ወዳለው ኦል ሴንትስ ካቴድራል ተሸሽገው አንድ ዓመት ያህል ቆዩ፤ አብዛኞቹ ልጆች በ1993 መጀመሪያ ተፈቱ። ሜዳው «የነጻነት ጥግ» ተብሎ ቀረ።

የድምፅ ዋጋ

ብዙ ፓርቲ ሲፈቀድ ፍርሃት ላላ፤ ቦታውን ግን ገንዘብ ያዘው። በዲሴምበር 1992 ምርጫ ተቃዋሚዎች ለሦስት ተከፋፍለው ሞይ በ36 በመቶ ድምፅ ብቻ አሸነፉ። ካኑ በናይሮቢ በአብዛኛው ወንበር ተሸነፈ። ያንን ምርጫ የናይሮቢ ሰው የሚያስታውሰው በአንድ የገንዘብ ኖት ነው። ባለ 500 ሺልንጉ ኖት «ጂሮንጎ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ ለካኑ ወጣቶችን ሲያሰባስብ ከነበረው «ዋይኬ 92» ከተባለው ቡድን መሪ ከሳይረስ ጂሮንጎ ስም የተወሰደ ነው። ገንዘቡ በየሰፈሩ እንደ ጉድ ይረጭ ነበር።

የዚያ ዘመን ትልቁ ዘረፋ ጎልደንበርግ ነው። ጎልደንበርግ ኢንተርናሽናል የተባለው የካምሌሽ ፓትኒ ኩባንያ ወርቅና አልማዝ ወደ ውጭ ልኬያለሁ እያለ ከመንግሥት 35 በመቶ የወጪ ንግድ ማበረታቻ ይቀበል ነበር። ኬንያ ግን ወርቅ የምታመርተው በጥቂቱ ነው፤ አልማዝ ጨርሶ የላትም። ኪሳራው ቢያንስ 600 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገምቷል፤ ከፊሉ ለምርጫ እንደዋለም በሰፊው ይታመናል። በ1993 የዋጋ ንረቱ ወደ 46 በመቶ ደረሰ። መራጩ በጓዳ የተቀበለውን 500 ሺልንግ ዱቄትና ስኳር ሲገዛ መልሶ ከፈለው።

ምስጢሩን ያወጣው ዴቪድ ሙንያኬይ የተባለ የማዕከላዊ ባንክ ወጣት ጸሐፊ ነው። ሰነዶቹን ለተቃዋሚ የምክር ቤት አባላት አሳልፎ ሰጠ፤ ታሰረ፤ ከሥራም ተባረረ፤ በ2006 በድህነት እንዳለ ሞተ። ዋናዎቹ ተከሳሾች ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲመላለሱ ቆይተው ነጻ ወጡ። ሌባውን የጠቆመ ሲወድቅ ሌባው ሳይቀጣ ሲቀር ማየት፣ ከንያዮ ሐውስ ምድር ቤት ባልተናነሰ ሰውን ዝም የሚያሰኝ ትምህርት ነበር።

በዕለት ኑሮ ደረጃ ሙስና የሚጠራው በለስላሳ ስሞች ነው፦ «ቻይ» ወይም «ኪቱ ኪዶጎ»፣ ማለትም «ትንሽ ነገር»። «ለሻይ» የሚለው የአማርኛ አጠራር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማታቱ ኬላ ላይ ሲቆም ወያላው የታጠፈ ኖት በመዳፉ ይዞ ከፖሊሱ ጋር ይጨባበጣል፤ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ይቀጥላል። የተከፈለው ደግሞ በታሪፉ ላይ ይታከላል። መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የንግድ ፈቃድ፣ ሁሉም ለብዙዎች በዚህ መንገድ ያልፋል። መብቱን በየቀኑ የሚገዛ ሰው ድምፁንም እንደሚሸጥ ዕቃ ቢያየው የሚያስገርም አይሆንም።

ተስፋና ክህደት

ዲሴምበር 27 ቀን 2002 ምዋይ ኪባኪ የተቃዋሚዎችን ጥምረት እየመሩ በ62 በመቶ ድምፅ አሸነፉ። ቃለ መሐላው የተፈጸመው በዚያው በኡሁሩ ፓርክ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት በናይሮቢ ያልታየ ነገር ታየ፤ የማታቱ ተሳፋሪዎች ጉቦ የሚቀበሉ ፖሊሶችን እየከበቡ ገንዘቡን እንዲመልሱ አስገደዱ፤ አንዳንዶቹን ይዘው ጣቢያ ወሰዷቸው። ተሳትፎ ከምርጫ ጣቢያ ወጥቶ የታክሲ ወንበር ላይ ደረሰ። በፌብሩዋሪ 2003 የንያዮ ሐውስ ምድር ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ ኋላም ፍርድ ቤቶች ለተሰቃዩት ካሳ ወሰኑ። የፀረ ሙስና ጽሕፈት ቤትም በጋዜጠኝነትና በፀረ ሙስና ሥራ ለሚታወቁት ለጆን ጊቶንጎ ተሰጠ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ጊቶንጎ «አንግሎ ሊዚንግ» የተባለ፣ በስም ብቻ ያለ ኩባንያ ደረሱበት። አንድ የፈረንሳይ ድርጅት በ6 ሚሊዮን ዩሮ ሊሠራው ያቀረበው የፓስፖርት ማተሚያ ሥርዓት ለዚህ ኩባንያ በ30 ሚሊዮን ዩሮ ተሰጥቶ ነበር። ክሩ ወደ ራሳቸው ባልደረቦች ሲመራ ጊቶንጎ በ2005 ወደ ብሪታንያ ሸሹ። ጉቦ ተቀባይ ፖሊስ ላይ የጮኸው ተሳፋሪም ወደ ዝምታው ተመለሰ።

ይህ ክህደት ባረገዘው ቂም ላይ የዲሴምበር 2007 ምርጫ ደረሰ። ውጤቱ በጥድፊያ ታውጆ ኪባኪ በማምሻው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በኪቤራና በማታሬ ደሳሳ ሰፈሮች እሳት ተነሳ። በአገሪቱ ከ1,100 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ተፈናቀሉ። ብጥብጡ የብሔረሰብ መልክ የያዘው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1955 በአውራጃ የታጠረው ፖለቲካ በኋላ «የመብላት ተራ» ከሚል አስተሳሰብ ጋር ተጋብቶ ነበር፤ ሥልጣን ማዕድ ከሆነ ምርጫ የወገን ሁሉ የህልውና ጉዳይ ይሆናል። በጃንዋሪ 2008 ልዩ ፖሊሶች ኡሁሩ ፓርክን ከበው ማንም እንዳይገባበት አደረጉ። በኮፊ አናን አሸማጋይነት በፌብሩዋሪ መጨረሻ የሥልጣን ክፍፍል ስምምነት ተፈረመ።

አዲሱ ሕገ መንግሥትና የሳሳው ሰልፍ

በኦገስት 2010 በሕዝበ ውሳኔ በ67 በመቶ ድምፅ የጸደቀው ሕገ መንግሥት የእነዚህን ልምዶች ሁሉ ዐሻራ ይዟል። አንቀጽ 37 በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የመውጣት መብትን አጸና፤ ለስብሰባ ፈቃድ የማውጣት ግዴታ ቀደም ብሎ በ1997 በማሳወቅ ግዴታ ተተክቶ ነበር። ምክር ቤቶች ሕግና በጀት ከማውጣታቸው በፊት ሕዝቡን እንዲያሳትፉ ታዘዙ፤ ሥልጣንም ለ47 ካውንቲዎች ተከፋፈለ።

አሮጌው ልማድ ግን በአዲሱ ሕግ ሥር ቀጠለ። በኤፕሪል 2014 ልክ ከአንቪል 60 ዓመት በኋላ፣ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በኢስትሊ ሰፈር ፖሊስ ቤት ለቤት አሰሳ አድርጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በካሳራኒ ስታዲየም አጎረ። ለመለቀቅ ጉቦ እንደተጠየቁ ብዙዎች ተናገሩ። በ2020 ደግሞ በሙስና በተከሰሱት በገዢው ማይክ ሶንኮ ዘመን የናይሮቢ ካውንቲ ዋና ዋና ሥራዎች ተወስደው በጄኔራል ለሚመራ ተቋም ተሰጡ፤ ይህም እስከ 2022 ቆየ። ሶንኮ በ2020 መጨረሻ በምክር ቤት ውሳኔ ተነሱ። የ1983ቱ ታሪክ በከፊል ተደገመ፤ የሙስና ክስ ቀርቦ፣ ነዋሪው የመረጠው አስተዳደርም ከእጁ ወጥቶ።

የምርጫው ሰልፍ መሳሳት በቁጥር ይታያል። በ2013 ከተመዘገቡት 86 በመቶ ያህሉ መርጠው ነበር። በኦገስት 2017 ቁጥሩ ከ80 በመቶ በታች ወረደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ምርጫ በመሻር በአፍሪካ የመጀመሪያውን ውሳኔ ሲሰጥ፣ ተቃዋሚዎች ባልተሳተፉበት የኦክቶበር ድጋሚ ምርጫ የመጣው 39 በመቶ ብቻ ነው። በ2022 ዊልያም ሩቶ ባሸነፉበት ምርጫ 65 በመቶ ያህሉ መረጡ። ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው ወጣት ሆኖ ሳለ ከተመዘገቡት መራጮች ከ18 እስከ 34 ዓመት ያሉት ከ40 በመቶ ትንሽ ያንሱ ነበር፤ ከ2017ቱም ቀንሰዋል። እነዚህ ወጣቶች ምሎሎንጎን አላዩም፤ ንያዮ ሐውስን የሚያውቁት ፓስፖርት በማውጣት ነው። ከምርጫ ጣቢያ ለመራቃቸው የአባቶቻቸው ፍርሃት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ይህ በጁን 2024 ግልጽ ሆነ። ግብር የሚጨምር የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ ወጣቶች በቲክቶክና በኤክስ ረቂቁን ወደ ስዋሂሊና ወደ ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች እየተረጎሙ አሠራጩ፤ የባለሥልጣናትን ቅንጦት ከግብሩ ጋር እያነጻጸሩ አጋለጡ። መሪ፣ ፓርቲም ሆነ ብሔረሰብ የለንም እያሉ ወጡ። ጁን 25 ቀን ምክር ቤቱ ረቂቁን ሲያጸድቅ ሰልፈኞች ቅጥር ግቢውን ጥሰው ገቡ፤ ፖሊስ በጥይት መለሰ። ሩቶ በማግሥቱ ረቂቁን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በቀጣዮቹ ወራት 60 ያህል ሟቾች መዘገበ፤ በርካታ ወጣቶችም ማንነታቸውን በደበቁ ሰዎች ታፍነው ተወሰዱ። በ2025 የሳባ ሳባ ዕለት ወደ መሃል ከተማ የሚያስገቡ ዋና ዋና መንገዶች ተዘግተው በዚያ ቀን ብቻ በአገሪቱ ከ30 በላይ ሰዎች ተገደሉ።

ሁለቱ ውርሶች ስለዚህ በናይሮቢ የተለያየ መንገድ ሄደዋል። የአምባገነንነቱ ውርስ በሕግ ተሽሮ በፖሊሱ ዱላና በጭምብሉ ውስጥ ቀርቷል፤ በአዲሱ ትውልድ ልብ ላይ የነበረው ጉልበት ግን ሳስቷል። የሙስናው ውርስ በሕግ ተወግዞ በኬላው፣ በጨረታውና በምርጫ ዘመቻው ውስጥ ኖሯል፤ በመራጩ ልብ ላይ ያለው ጉልበትም አልቀነሰም። የነጻነት ጥግን የሚሞላ ወጣት የምርጫ ጣቢያውን ባዶ የሚተወው በዚህ የተነሳ ነው። በ2024 በጎዳና ላይ ረቂቅ ሕግ ያስጣለው ትውልድ በመራጭነት ተመዝግቦ መገኘት አለመገኘቱ የሚታየው በኦገስት 2027 በሚካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ነው።